አናቱ የተቀበረ ምስማር

አባቴ ምስማር የሚመታው ሌላ መላ ሲጠፋው ብቻ ነበር፤ ሲመታም ደብቆ ነው። ጅማ መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ በነበረችው የሥራ ቤቱ የሚሠራቸው አልጋዎችና ቁም ሳጥኖች የሚያያዙት በወንዴና በሴቴ ነበር። ይህን ላስረዳ፤ ማስረዳት እንጀራዬም ልማዴም ነው። የአንዱ እንጨት ጫፍ እንደ ምላስ ሆኖ ይወጣል። በሌላው እንጨት ላይ ልክ በዚያ ምላስ መጠን ጉድጓድ ይፈለፈላል። ምላሱ ኮላ ተቀብቶ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። ልኩ ከጠበበ እንጨቱ ይሰነጠቃል፤ ከሰፋ ደግሞ አልጋው ዓመት ሳይሞላው ሲጢጥ ማለት ይጀምራል። አባቴ የሠራው አልጋ ሲጢጥ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ምስማር የሚያስፈልገው ለቁም ሳጥኑ ጀርባ ነበር። ምስማሩን ይመታና አናቱ ላይ ጫፉ የደነዘ ቀጭን ብረት አስቀምጦ አንዴ መታ ያደርገዋል። የምስማሩ አናት ከእንጨቱ ገጽ በታች ይሰምጣል። የቀረችውን ትንሽ ቀዳዳ ከዚያው እንጨት በወጣ ሰጋቱራና በኮላ ይደፍናታል፤ ሲደርቅ በመላጊያ ያልፍበታል። ልጅ ሳለሁ ይጠራኝና "በይ ፈልጊ፣ ምስማሩን ካገኘሽ ከረሜላ አለሽ" ይለኝ ነበር። በጣቴ እየዳበስኩ፣ ጉንጬን እንጨቱ ላይ አስደግፌ በአንድ ዓይኔ እያየሁ እፈልጋለሁ። አንድም ቀን አላገኘሁም። ከረሜላውን ግን ሁልጊዜ ይሰጠኝ ነበር።

አሁን በከተማችን በሚገኝ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ የእንጨት ሥራና ንድፍ አስተምራለሁ። ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ትምህርቴን በርዕስ በርዕስ እከፍላለሁ፤ ለርዕሱ ሰማያዊ፣ ለማስጠንቀቂያው ቀይ እስክሪብቶ አለኝ። ባልደረቦቼ በዚህ ይስቁብኛል። እኔ ግን በሥርዓት የተጻፈ ነገር ሰውን ከስህተት ያድናል ብዬ አምን ነበር።

የአባቴ የሥራ ቤት የተዘጋው ባለፈው ዓመት ነው። ድሮ በአካባቢያችን ያለ አናጺ ዓመቱን የሚቆጥረው በቡና ነበር። ቡናው ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ተሸጦ ሲያበቃ ከጎማም ከሊሙም ወረዳ ገበሬው ወደ ጅማ ይወጣል፤ ልጁን የሚድር ሰው አልጋና ቁም ሳጥን ያዛል። አባቴ በእነዚያ ወራት ምሳውን ቆሞ ይበላ ነበር። ቀስ በቀስ ሰዎቹ መምጣታቸው ሳይቀር፣ መንገዱን ተሻግረው ተጭኖ ወደ መጣው የሚያብረቀርቅ ቁም ሳጥን መሄድ ጀመሩ። ያኛው ከተጨመቀ ሰጋቱራ የተሠራ ነው፤ የጅማ ዝናብ ካገኘው እንደ ዳቦ ያብጣል። ግን መስታወት አለው፣ ዛሬውኑ ተጭኖ ይሄዳል፣ ዋጋውም አባቴ ከሚሠራበት የዋንዛ እንጨት በእጅጉ ያንሳል። በመጨረሻ የቤቱ ባለቤት ክፍሏን ለዚሁ ዕቃ ነጋዴ አከራያት። አባቴ ትልቁን የሥራ ጠረጴዛ ሸጦ የእጅ መሣሪያዎቹን በአንድ የሸራ ከረጢት ይዞ ቤት ገባ። ሦስት መላጊያ፣ ሁለት መጋዝ፣ ስድስት መሮ፣ አንድ ስኳድራና አንድ መዶሻ።

አምስት ወር ቤት ተቀመጠ። ጠዋት ተነስቶ ይለብሳል፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ያስገባል፣ ከዚያ የሚሄድበት የለም። እናቴ "ቤቱ ውስጥ ያልተጠገነ ነገር አልቀረም፣ አሁን እኔን መጠገን ነው የቀረው" ትላለች። እሱም ይስቃል። ሳቁ አጭር ነበር።

የኤጀንሲውን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይህንን ቶሎ መጻፍ ይሻለኛል። በቦሳ አዲስ ሰፈር በኩል ስመለስ አንድ ሕንፃ ደረጃ ላይ ማስታወቂያ አየሁ፦ "የብቃት ማረጋገጫ ያላቸው፣ የእጅ መሣሪያ ይዘው የሚቀርቡ አናጺዎች"። ገብቼ ጠየቅኩና አሠራሩን በደብተሬ ጻፍኩት። ኤጀንሲው ባለሙያን ለሕንፃ ተቋራጮች ያቀርባል። ተቋራጩ የሚከፍለው ለኤጀንሲው ነው፤ ኤጀንሲውም ድርሻውን ቀንሶ ለሠራተኛው ይሰጣል። ድርሻው ከአምስት ቀን ሥራ የአንዱን ቀን ያህል ነው። ክፍያው በደረጃ ሲሆን የአንደኛ ደረጃ አናጺ የረዳቱን እጥፍ ያገኛል። አዲስ የገባ ሰው ግን ማንም ይሁን ማን ሁለት ሳምንት በረዳት ክፍያ ይሠራና፣ ከዚያ በኋላ የቦታው ፎርማን በሚጽፈው ደብዳቤ ደረጃው ይወሰናል። ሁሉም ነገር በዚያች ደብዳቤ ላይ ነው የተንጠለጠለው።

ቤት ገብቼ ይህን ሁሉ በየተራ አስረዳሁት። የረዳት ክፍያ ከኤጀንሲው ድርሻና ከመኪና ሒሳብ በኋላ ለምግብ እንኳን እንደማይበቃ፣ አንደኛ ደረጃ ካገኘ ግን በዓመቱ ትንሽ ክፍል ተከራይቶ እንደገና የራሱን ሥራ ሊጀምር እንደሚችል ነገርኩት።

"ፎርምወርክ እኮ ነው የሚያሠሩት" አለ። ፎርምወርክ ማለት ኮንክሪት የሚፈስበት የጣውላ ሳጥን ነው፤ ኮንክሪቱ ሲጠነክር ሳጥኑ ይነሳል። "እኔ የቤት ዕቃ ሠሪ ነኝ።"

"እንጨት እንጨት ነው አባዬ። አንተ ያልቻልከውን ማን ይችላል?"

"ክፍል መከራየት ይቻላል ነው የምትይው?" ብሎ ጠየቀኝ። ከአምስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር አየሁ። ያየሁትን ነገር ተስፋ ብዬ መጥራት ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን በራሴ ኮራሁ።

ለብቃት ምዘናው ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳው ላይ እንቀመጣለን፤ እኔ ደብተር ይዤ፣ እሱ መነጽሩን አድርጎ።

ስኳድራውን አንስቼ "ይሄ ምን ይባላል?" እለዋለሁ።

"ስኳድራ።"

"ፈተናው ላይ ግን 'ማዕዘን መለኪያ' ነው የሚለው።"

"ስሙን ስለውጥለት ማዕዘኑ ይለወጣል?"

"አባዬ፣ ነጥብ ታጣለህ።"

"እሺ የኔ መምህርት፣ ማዕዘን መለኪያ። አንተ ማዕዘን መለኪያ፣ ሰላሳ ዓመት በሐሰት ስም ጠርቼሃለሁና ይቅር በለኝ" ብሎ ስኳድራውን ሳመው። እናቴ ከውስጥ ሳቀች።

ስለ ፎርምወርክ አምስት ርዕስ ያለው ማስታወሻ ጻፍኩለት። መጠኑን መጠበቅ፣ ክብደት መቻል፣ ውሃ አለማሳለፍ፣ ቀጥ ብሎ መቆም። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ገጽ ሰጠኋቸው። አምስተኛው ርዕስ "መፍታት" የሚል ነበር። ሥሩ የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ "ኮንክሪቱ ሲጠነክር ፎርምወርኩ ይፈታል።" በቀይ አሰመርኩበት። በምን፣ እንዴት፣ ከየት ጀምሮ እንደሚፈታ አልጻፍኩም። ስለማላውቅ ነው። የሕንፃ ሥራ ቦታ ላይ አንድም ቀን ሠርቼ አላውቅም፤ የተማርኩበት መጽሐፍም ስለዚህ ብዙ አይልም። አለማወቄን ግን ያኔ አላወቅሁትም ነበር።

ፈተናውን አለፈ። በተግባሩ ክፍል ወንዴና ሴቴ እንዲሠራ ተሰጠው። መዛኙ ሥራውን አገላብጦ አይቶ "ጋሼ፣ ይሄንን ለእኔ ይተዉልኝ?" አለው። አባቴ ይህን ለአንድ ሳምንት ያህል ሲተርክ ከረመ።

ኤጀንሲው ቢሮ የምትሠራው ልጅ ከረጢቱን ስታስከፍተው "ውይ፣ ሙዚየም ነው እንዴ ይዘው የመጡት!" አለች። አባቴ መላጊያውን አውጥቶ ምላጩን በአውራ ጣቱ ነካ አድርጎ አሳያት። "ይሄ ሙዚየም ያንቺን ጠረጴዛ በአንድ ቀን አዲስ ያደርገዋል" አላት። ሳቀች፤ አስፈረመችው።

የተመደበው አጋሮ ነው፤ የአንድ ነጋዴ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ። ማለዳ ከጅማ በሚኒባስ ይሄዳል፣ ማምሻውን ይመለሳል። ሦስተኛው ቀን ላይ ሲገባ ፊቱ በርቶ ነበር።

"ፎርማኑ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? 'አባባ፣ ይሄ ፎርምወርክ ነው ወይስ ቁም ሳጥን? ማጠፊያና ቁልፍ ብቻ እኮ ነው የቀረው!'" ሳቀ። "የጣውላውን ጠርዝ በመላጊያ አስተካክዬዋለሁ። በመጋጠሚያው ውሃ አይደለም ብርሃን አያልፍም። አራቱን የፊት ምሰሶዎች ለእኔ ሰጥቶኛል።"

ቅዳሜ ምሳ ይዤለት ሄድኩ። አጋሮ በዚያን ሰሞን ቡና ትሸት ነበር፤ በየደጁ ሸራ ላይ የተሰጣ ቀይ ቡና አለ፣ መንገዱ ላይ የጭነት መኪናዎች ተሰልፈዋል። ሕንፃው ጋ ስደርስ አራቱን ሳጥኖች ከሩቅ ለየኋቸው። የሌሎቹ ሠራተኞች ፎርምወርክ በአሮጌ ኮንክሪት የተለጣጠፈ ጣውላ ነው፤ ከየቦታው ምስማር ብቅ ብቅ ብሏል፣ እንደ ጃርት። የአባቴ ግን ለስላሳ፣ ቀጥ ያለ፣ ምንም የማይታይበት ነበር። በዙሪያው ማጠንከሪያ ጣውላዎች፣ የሽቦ ማሰሪያና የእንጨት ሽብልቅ አለ።

"በይ ፈልጊ" አለኝ።

የምሩን ነበር። እኔም ቦርሳዬን አስቀምጬ እንደ ልጅነቴ በጣቴ ዳበስኩ። ምስማሮቹን ቀብሯቸዋል፣ ቀዳዳቸውን ደፍኗል፣ በመላጊያ አልፎባቸዋል። አላገኘሁም። ከኪሱ ከረሜላ አወጣ፤ አስቀድሞ ገዝቶት ነበር።

አብሮት የሚሠራ፣ ቆብ ያደረገ የጎማ ወረዳ ሰው አለ፤ ፎርምወርክ ሲሠራ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ከፌሮ ብረት ክምሩ ማዶ ሆኖ "ወላሂ አባባ፣ ይሄንን ያየ ኮንክሪት ለመግባት ያፍራል!" አለው። ሁላችንም ሳቅን። ይህ ሰው አባቴ ምስማሩን ሲቀብር ቀርቦ ቢያይ ኖሮ ምን እንደሚፈጠር ያውቅ ነበር። ግን ምስማር ስላልታየው በሽቦውና በሽብልቁ ብቻ የተያዘ መስሎታል፤ ፎርማኑም እንደዚያው። ፎርምወርክ ላይ ምስማር ቀብሮ የሚደፍን ሰው በዓለም ላይ ይኖራል ብለው ስላላሰቡ አልፈረድኩባቸውም። እኔ ደግሞ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ።

ሰኞ ጠዋት ፎቶውን ለክፍሌ አሳየሁ። "ሥራ ማለት ይህ ነው" አልኩ። የሠራው አባቴ መሆኑን አልተናገርኩም፤ ሊጠይቁኝ ፈልጌ ነበር። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ተማሪ አለኝ፤ ዕድሜው ሰላሳ ያለፈ፣ ከሰዓት ከሰዓት ሕንፃ ላይ የሚሠራ። ስልኩን ተቀብሎ አጉልቶ አየው።

"ቲቸር፣ ምስማሩ የታለ?"

"ተደብቋል። ጥበቡ እኮ እሱ ላይ ነው።"

"እንዴት ነው ታዲያ የሚፈታው?"

ማስረዳት ጀመርኩ። ኮንክሪቱ በስንት ጊዜ እንደሚጠነክር፣ ፎርምወርኩ በጥንቃቄ መነሳት እንዳለበት፣ ጣውላው ተመልሶ ጥቅም ላይ እንደሚውል። ብዙ ተናገርኩ። እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቀኝ።

"እሱስ ልክ ነሽ ቲቸር። ግን የመንቀያው ጥርስ ምኑን ነው የሚነክሰው? እኛ ስንመታ እኮ አናቱን የጣት ያህል እናስቀራለን። ካልሆነ ከኮንክሪቱ ጋር እንደተያያዘ ይቀራል።"

ክፍሉ ውስጥ የተለወጠ ነገር አልነበረም። አንዷ ተማሪ እንዲያውም ይህንኑ በደብተሯ እየጻፈች ነበር። ሳጥኑ ለአንድ ቀን ብቻ የሚቆም ነገር መሆኑን፣ የተሠራውም እንዲፈርስ መሆኑን በአንድ ጊዜ ተረዳሁ። አባቴ በሕይወቱ እንዲፈርስ የሠራው ነገር የለም። ያን ሊነግረው የሚገባው ሰው እኔ ነበርኩ፤ አንድ መስመር ጽፌ በቀይ አሰመርኩበት።

ወጥቼ ደወልኩ። ሦስት ጊዜ ጠርቶ አልተነሳም። አራተኛው ላይ አነሳው፤ ከኋላው የኮንክሪት ማቡኪያ ይጮኻል።

"አሁን ገና ሞልተን ጨረስን!" አለኝ እየጮኸ። "አራቱንም! አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም፣ ሰው ሁሉ ሊያይ መጣ! ፎርማኑ ረቡዕ እንፈታዋለን፣ ዓርብ ደብዳቤዎን እጽፋለሁ ብሎኛል!"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

"ምነው ዝም አልሽ?"

"ኔትወርኩ ነው" አልኩት።

ብነግረውም ኮንክሪቱን የሚመልሰው አልነበረም፤ ይህን ደጋግሜ ለራሴ አስረድቻለሁ። ግን ሰኞንና ማክሰኞን እየተደሰተ እንዲያልፍ ተውኩት። በሁለቱም ቀን ማታ በልቶ ሲያበቃ ስለሚከራየው ክፍል ከእናቴ ጋር ሲያወሩ ሰማሁ። ወደ ጅሬን ሰፈር መውጫ ላይ አንዲት ክፍል አይቷል፤ በሯ ሰፊ ነው፣ ቁም ሳጥን ያስወጣል። ዝም ያልኩት ለእሱ አዝኜ ነው ወይስ ለራሴ ፈርቼ፣ ለይቼ አላውቅም።

ረቡዕ አስፈቅጄ ሄድኩ። ዝናብ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ሰዉ ሁሉ ስለ ቡናው ይጨነቃል፤ የተሰጣው እንዳይበላሽ። ስደርስ የጎማው ሰው የመንቀያውን ብረት በመጀመሪያው ሳጥን ጠርዝ ለማስገባት እየታገለ ነበር። መጋጠሚያው ምንም ክፍተት የለውም። ጥርሱ የሚይዘው ነገር አጥቶ ይንሸራተታል።

"አባባ፣ በምንድን ነው ያሰሩት ይሄን ነገር?"

"በምስማር" አለ አባቴ።

"ምስማሩ የታለ?"

አባቴ ወደ ለስላሳው ጣውላ ዞረ። ያኔ የገባው ይመስለኛል። እኔን አየኝ፤ ለምን እንደመጣሁ አልጠየቀኝም።

ሌላ ሠራተኛ ትልቅ መዶሻ አምጥቶ ብረቱን በኃይል አስገባው። ጣውላው ቷ ብሎ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ከተሰነጠቀው ጋር የምሰሶው ጠርዝ ከወገቡ ላይ ተገምሶ ወደቀ። ውስጥ ያለው ፌሮ ታየ። ፎርማኑ እየሮጠ መጣ። ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው።

"አቁም! አቁም አልኩህ! አባባ፣ ምንድን ነው ያደረጉት? ጣውላው እኮ የኪራይ ነው! ገና ስድስት ጊዜ ይሠራበታል!"

"ጠንካራ እንዲሆን ብዬ ነው።"

"ነገ ለሚፈርስ ነገር?"

"የሚፈርስ ሥራ ሠርቼ አላውቅም ልጄ" አለ አባቴ። ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር የተናገረው።

ፎርማኑ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ቆመ። አባቴ ወደ ከረጢቱ ሄዶ ከስድስቱ መሮዎች ቀጭኑን፣ ሰላሳ ዓመት የሳለውን አወጣ። ቀሪዎቹ ሦስት ሳጥኖች ጋ ሄደና ጣቱን ጣውላው ላይ አሳረፈ። "እዚህ አለ" አለ። መሮውን ተክሎ ደፈናውን ፈልፍሎ አወጣ፤ የምስማሩ አናት ታየ። ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ "እዚህ" አለ። ከዚያ "እዚህ"። አንዱንም አልሳተም። እኔ በልጅነቴ ለዓመታት ፈልጌ ያጣኋቸውን ምስማሮች እሱ የሚያውቃቸው እንዲህ ነበር፤ ሳያይ፣ በእጁ።

እሱ ሲፈለፍል የጎማው ሰው ይነቅላል። ዝናቡ አላቆመም። ከሰዓት ላይ የመሮው ምላጭ ምስማር ነክቶ ጥርስ አወጣ፤ ሌላ መሮ አመጣ፣ እሱም ተሸረፈ። ሥራው ሲያልቅ ከስድስቱ አራቱ ተበላሽተው ነበር። ሦስቱ ምሰሶዎች ግን አንድም ጭረት ሳይነካቸው ወጡ፤ እንደ መስታወት ለስልሰው። ያንን ማንም ልብ አላለም። የጎማው ሰው ብቻ ትከሻውን ይዞ "ማሎ አባባ፣ ይብቃዎት፣ ይቀመጡ" አለው፤ እባክዎ እንደማለት ነው።

ፎርማኑን ለብቻው አግኝቼ ማብራራት ጀመርኩ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ማስታወሻውን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ። ሰማኝ።

"እህቴ፣ እኔም አባት አለኝ" አለ። "ሰውዬው ባለሙያ ናቸው፣ ይሄን ዓይኔ አይስተውም። ግን የተሰበረውን ጣውላ ለተቋራጩ ምን ብዬ ላስረዳው? አንደኛ ደረጃ ብዬ ብጽፍ ነገ እኔን ነው የሚያባርረኝ።"

ዓርብ ደብዳቤው ተጻፈ። "ረዳት" ይላል።

ቦሳ አዲስ ወጥቼ ኤጀንሲው ውስጥም ተከራከርኩ። "የብቃት ማረጋገጫ አለው እኮ!" አልኳት ልጅቷን።

"እሱማ አለው" አለች በለሰለሰ ድምፅ። "እኛ ግን የምንከፍለው በፎርማኑ ደብዳቤ ነው። ሌላ ቦታ ይሞክሩ እንዳልልሽ ደግሞ ደብዳቤው ፋይላቸው ውስጥ ገብቷል።" ከዚያ "መሣሪያቸው በጣም ነው የሚያምረው ግን" አለች።

አባቴ ሥራውን ይተዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተወም። ቤት መቀመጥን አንዴ አይቶታል። አሁን የሚሠራው ምስማር ማቃናት ነው። ይህንንም ላስረዳ። ፎርምወርክ ሲፈታ የሚነቀለው ምስማር ይጣመማል። ረዳቱ አንድ ድንጋይ ፊት ተቀምጦ እያንዳንዱን ምስማር በመዶሻ ያቃናዋል፤ ምስማሩ እንደገና ይመታል፣ እንደገና ይነቀላል፣ እንደገና ይቃናል። አንድ ቀን ምሳ ይዤ ሄጄ አየሁት። በየመጠናቸው ለይቶ በቲማቲም ጣሳዎች ደርድሯቸዋል። ከጣሳዎቹ አንድም ጠማማ አይወጣም። ሠራተኞቹ እፍኝ እፍኝ እየዘገኑ ሲሄዱ ቀና ብሎ አያያቸውም። ከረሜላ አልሰጠኝም፤ እኔም ምስማር የምፈልግበት ነገር አልነበረም።

ከረጢቱን ለሁለት ሳምንት ያህል ይዞ ይመላለስ ነበር። ከዚያ አልጋው ሥር አስገባው። የተሸረፉትን መሮዎች እንዲስል የመሳያ ድንጋይ ገዝቼለት ነበር፤ እስካሁን ከወረቀቱ አልወጣም። ጅሬን መውጫ ላይ ያለችው ክፍል ልብስ ሰፊ ገብቶባታል።

በማሠልጠኛው ማስታወሻዬን አስተካክያለሁ። አምስተኛው ርዕስ አሁን ሙሉ ገጽ አለው። "የምስማሩ አናት የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ከጣውላው ይውጣ" ብዬ ሰሌዳው ላይ በቀይ እጽፋለሁ። ተማሪዎቼ ይገለብጣሉ። ከኋላ የሚቀመጠው ተማሪ ይህን ስጽፍ አንገቱን ይደፋል። በፎቶው ላይ ያየውን ሳጥን የማን እጅ እንደሠራው ከሰው ሳይሰማ አልቀረም።

ባለፈው እሑድ የወጥ ቤቱ መደርደሪያ በአንድ በኩል ወለቀ። ድሮ ቢሆን አባቴ ወንዴና ሴቴውን አውጥቶ እንደ አዲስ ያጋጥመው ነበር። አሁን ግን መዶሻ አነሳ፤ አንድ ምስማር ወስዶ ሁለት ጊዜ መትቶ ተወው። እናቴ ሳህን ስታስቀምጥ እጅጌዋ ተያዘ።

"ምነው፣ ሳትጨርሰው ተነሳህ?"

"ጨርሻለሁ።"

"ይኸው ወጥቷል እኮ አናቱ።"

"እንዲወጣ ነው" አለ። "አንድ ቀን መንቀል ቢያስፈልግ እንዳያስቸግር።"

እናቴ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔ መዶሻውን አነሳሁ፤ አንድ ምት ይበቃው ነበር። አባቴ ከተቀመጠበት ሆኖ እጄን አየው።

"ተይው" አለኝ።

መዶሻውን ቦታው መለስኩት። ምስማሩ አሁንም እንደወጣ ነው። እናቴ ልብሷን እንዳይቀድባት ብላ ጨርቅ ጠምጥማበታለች።